ያረጀ ትራንስፈርን በጥቂት ገንዘብ ስለ ማደስ

አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ከጋቢናው ወለል በታች የማያቋርጥ ጩኸት መስማት በጀመረ ጊዜ፥ ወይም ከዳገት መካከል ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር ማርሹ ከገባበት ወጥቶ መኪናው ኃይል አልባ ሆኖ በቀረ ጊዜ፥ ወደ ጋራዥ መጥቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሙሉው ትራንስፈር ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መኪናው የቤተሰቡ እንጀራ ሲሆን፥ የአንድ ሙሉ ትራንስፈር ዋጋም የብዙ ወር ገቢውን ጠራርጎ የሚወስድ ሲሆን፥ ሰው በልቡናው የሚመላለሰውን ሥጋት አስቀድሞ ቢናገር የተገባ ነው። ሆኖም በዚህ ሙያ ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ እንደ መሆኔ መጠን የምመሰክረው፥ ትራንስፈር ሁለንተናው በአንድ ጊዜ እንደማያረጅ ነው፤ የሚያረጀው በአንድ ወይም በሁለት ወገን ሲሆን፥ ሕፀፁ የት እንዳለ ለይቶ ያወቀ ሰው የጥገናውን ወጪ ገና ቁልፍ ሳያነሣ በግማሽ ቀንሶታል ማለት ይቻላል።

ከዚህም ጋር ተያይዞ፥ ለደቀ መዛሙርቴ ሁሉ ሳልታክት የማስተምረው አንድ ሥርዓት አለ። ገንዘብ የሚቆጠብበት ስፍራ አለ፤ የማይቆጠብበትም ስፍራ አለ፤ ወሰኑም የትራንስፈሩ የአሉሚኒየም ቅርፊት ነው። ከቅርፊቱ ውጭ ያለው ማንኛውም ነገር፥ በርካሽ ዕቃ ተጠግኖ ቶሎ ቢበላሽ እንኳ፥ መኪናው ሥር ተንጋልሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለወጥ ይችላል። ከቅርፊቱ ውስጥ ያለው ግን ረጃጅሞቹ ዘንጎች ተፈትተው፥ መስቀለኛው ተሸካሚ ብረት ወርዶ፥ ትራንስፈሩ ከካምቢዮው ተለይቶ፥ ተከፍቶም ካልሆነ በቀር እጅ የማይደርስበት ነው፤ የዚህ ድካም ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኩሽኔታዎቹ ሁሉ ድምር ይበልጣል። ስለዚህ በውስጥ በኩል ጥቂት ብር ለማትረፍ ብሎ ጥራቱ ያልታወቀ ኩሽኔታ ያስገባ ሰው ያንኑ ድካም ሁለተኛ የሚከፍልበትን ቀን ራሱ ቀጠረ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ በአንድ ዓይነት መኪና ላይ ቆሜ ልናገር። ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራው አምስተኛው ትውልድ የቶዮታ ሃይሉክስ፥ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የሆነው፥ በገጠር መንገድ ላይ ዛሬም ሲሠራ የምናየው ነው። ትራንስፈሩ ሰንሰለት የለበትም፤ ኃይልን የሚያቀባብለው ከማርሽ ወደ ማርሽ ነው። በካምቢዮው ጀርባ ታስሮ ተቀምጦ፥ ከዚያ የተቀበለውን ኃይል ለኋለኛው ዲፈረንሻል፥ ሹፌሩ በፈቀደ ጊዜም ለፊተኛው ያካፍላል። በተራው ጉዞ ኃይሉ በላይኛው ዘንግ በኩል ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሎው የተባለው ዝግተኛ ማርሽ ሲገባ ግን ወደ ታችኛው ዘንግ ወርዶ ይመለስና ዙሩ በ2.28 እጥፍ ቀንሶ፥ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይበዛል። ይህን ሁሉ የሚያለሰልሰው ዘይት ከአንድ ሊትር ተኩል እምብዛም የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ጠብ ጠብ እያለ ግማሽ ሊትር ብቻ ቢጎድል ሲሶ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። በላይኛው ዘንግ ላይ የሚቀመጠው የሎው ማርሽ በመርፌ ኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር ሲሆን፥ የሚያስደንቀው ነገር፥ ይህ ኩሽኔታ የሚደክመው ሎው ባልገባበት ጊዜ መሆኑ ነው፤ በተራው ጉዞ ዘንጉና ማርሹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ መርፌዎቹ ቀኑን ሙሉ ይንከባለላሉ። «እኔ ሎው አስገብቼ አላውቅም፤ በምን አረጀ?» የሚሉ ባለ መኪናዎች ብዙ ስለ ሆኑ ምሥጢሩን ማወቅ ይጠቅማል።

የመርፌ ኩሽኔታና የሚሸከመው ዘንግ መድከም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊሊስ ጂፕ ላይ የተገጠመው ስፓይሰር 18 የተባለው ትራንስፈር ደካማ ጎኑ ይኸው መካከለኛው ዘንግ ነበረ፤ ሠሪዎቹም ሕፀፁን ስላዩ በጦርነቱ ጊዜ ¾ ኢንች ውፍረት የነበረውን ዘንግ በኋለኞቹ ዓመታት እስከ 1¼ ኢንች አደለቡት። እኔም አሮጌ ትራንስፈር ስከፍት ዓይኔ አስቀድሞ የሚያርፈው መርፌዎቹ በሄዱበት ፊት ላይ ነው።

የምርመራው ሥርዓት ብዙ ገንዘብ የሚያድን ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የንስሐ አባት የተነሳሒውን ቃል እስከ ፍጻሜው ሳይሰማ ቀኖና እንደማይሰጥ ሁሉ፥ ባለ ሙያም መኪናው የሚናገረውን እስከ መጨረሻው ሳያዳምጥ «ይፈታ» ማለት አይገባውም። አስቀድሞ መኪናው በቆመበት፥ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፥ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የሚሰማ፥ ሲረገጥም የሚጠፋ ጩኸት ካለ ሕመሙ የካምቢዮው እንጂ የትራንስፈሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ትራንስፈሩ ዜሮ ላይ ይደረግና ካምቢዮው ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ በቀስታ ይለቀቃል፤ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የትራንስፈሩ መግቢያ ዘንግና ታችኛው ዘንግ ይዞራሉ፤ መውጫዎቹ ግን አይዞሩም። ጩኸቱ በዚህ ጊዜ ከተሰማ ጥፋቱ በመግቢያው ወይም በታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። እዚህ ዝም ብሎ መንገድ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የመውጫው ኩሽኔታ፥ ወይም ከነጭራሹ ከትራንስፈሩ ውጭ ያለ የዘንግ መጋጠሚያ ክሮቼራ ወይም የዲፈረንሻል ማርሽ ይጠረጠራል። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹ ሐብ ተቆልፎ ሳለ ትራንስፈሩን በሁለት ጎማ እንደ ተወው መንዳት ነው፤ የፊተኛው ዘንግ በከንቱ ሲዞር አዲስ ድምፅ ከመጣ የፊተኛው መውጫ ተለይቶ ታወቀ። ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሣ ቃናውን የሚለውጥ ድምፅ ባመዛኙ ከማርሽ ጥርስ፥ ነዳጅ ቢሰጥም ቢነሣም ያው የሚሆን ድምፅ ደግሞ ከኩሽኔታ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ አንድ ብሎንም አልተፈታም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ይህን ሰዓት የነፈጉ ጋራዦች ያልታመመ ትራንስፈር አውርደው የታመመውን ክሮቼራ በቦታው ሲመልሱት አይቻለሁ።

ከውጭ ያሉትን ነገሮች ከርካሹ ጀምሬ ልቁጠር። ብዙ ሰው የማያውቀው፥ በትራንስፈሩ አናት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ ጭቃ ሲደፍናት በሙቀት ያበጠው አየር መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በዘንጎቹ ዙሪያ እንዳይፈስስ በሚከለክሉት ፓራኦሊዮዎች በኩል ገፍቶ ያወጣዋል፤ ባለ መኪናውም ፓራኦሊዮ ደጋግሞ እየለወጠ ዘይቱ ደጋግሞ ይፈስሳል። መተንፈሻዋን በናፍታ አጥቦ በአፍ እየነፉ መክፈት ምንም ወጪ የለውም፤ ከፍ ወዳለ ስፍራ በጎማ ቱቦ ብትወጣ ደግሞ ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ አትስብም። ከዘንጉ ላይ የፓራኦሊዮው ከንፈር ያረፈበት ቦታ በጥፍር ሲዳሰስ የሚያስይዝ ቦይ ካበጀ፥ አዲሱ ፓራኦሊዮ በዚያው ቦይ ላይ ቢቀመጥ መፍሰሱ አይቀርም፤ እኔ የማደርገው፥ ቦታ ሲኖር ፓራኦሊዮውን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቆ ወይም ወደ ውጭ ቀርቶ እንዲቀመጥና ከንፈሩ ባልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ነው። በዚህ መንገድ አዲስ መውጫ ቁራጭ ከመግዛት የተረፉ ባለ መኪናዎች ብዙዎች ናቸው።

ማርሽ ከገባበት የመውጣትም ነገር እንደዚሁ ሁልጊዜ የጥርስ ማለቅ አይደለም። የማርሹ እጄታ ሥር ያለችው የፕላስቲክ መቀመጫ ስትበላ እጄታው ልፍስፍስ ይላል፤ ሹፌሩ እስከ መጨረሻ ያስገባ ሲመስለው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን የሚሸከመው ጎማ ሲሞት ደግሞ ሁለቱም በጭነት ጊዜ ስለሚያዘነብሉ፥ የጋቢናው ወለል እጄታውን እየገፋ ማርሹን ያስወጣዋል። የማርሹን ሹካ ዘንግ በቦታው የምታጸና ትንሽ ኳስና ስፕሪንግ ከቅርፊቱ ጎን በብሎን ተዘግታ ትገኛለች፤ ስፕሪንጓ ስትደክም በአዲስ መለወጥ ይቻላል። እነዚህን ሦስቱን ሳይሞክር ትራንስፈር የሚያወርድ ባለ ሙያ የደንበኛውን ገንዘብ አልጠበቀም እላለሁ።

ወደ ውስጥ መግባት ግድ በሆነ ጊዜ ግን ልብ መስፋት አለበት። አንድ ጊዜ ከተከፈተ፥ አንዱ ኩሽኔታ ብቻ ቢጮህም ኩሽኔታዎቹ ሁሉ፥ ፓራኦሊዮዎቹም ሁሉ ይለወጡ ብዬ እመክራለሁ። ለምን እንደሆነ ያረጀ ኩሽኔታ በቅርብ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ኳሶቹ በሚሄዱበት ቦይ ላይ፥ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ፥ በጥፍር ሲነካ ጫር ጫር የሚል ጉድጓድ ይታያል፤ ከዚያ ጉድጓድ የተነሣው ቅንጣት በዘይቱ ውስጥ እየዞረ ገና ጤነኛ የነበሩትን ጎረቤቶቹን ሲፈትግ ኖሯል። ዋጋውን የሚያቀለው አንድ ዕውቀት ደግሞ አለ። ተራ ኩሽኔታ የመኪናው ሠሪ የግል ንብረት አይደለም፤ በጎኑ ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተቀርጾበታል። ለምሳሌ 6306 የሚል ካለበት የውስጡ ክበብ 30 ሚሊሜትር፥ የውጭው 72፥ ስፋቱ 19 መሆኑ በየትም አገር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ኩሽኔታ ከሚሸጥ ሱቅ ኮዮ፥ ኤን.ኤስ.ኬ. ወይም ኤን.ቲ.ኤን. ከተባሉት የጃፓን ሥራዎች አንዱን በዚያው ቁጥር መግዛት፥ የመኪናው ስም በታተመበት ካርቶን ውስጥ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከቁጥሩ በኋላ የሚከተሉት ፊደላት ግን ሊዘለሉ አይገባም፤ በውጭው ዙሪያ ማቀፊያ ቀለበት የሚገባበት ቦይ ያለውንና የሌለውን የሚለዩት እነርሱ ናቸውና። ሐሰተኛ ኩሽኔታም በገበያ ስለ ሞላ፥ ጽሑፉ የደበዘዘውን፥ በእጅ ሲሽከረከር ጠጠር የያዘ የሚመስለውን መተው ነው።

ቶርኖ ቤት የሚሠራው ሥራ በአገራችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ያሻል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የአሉሚኒየም ጉድጓድ ሰፍቶ ኩሽኔታው በውስጡ መዞር ከጀመረ፥ አንዳንዶች የጉድጓዱን ዙሪያ በሹል ብረት እየወጉ ያጠብቡታል፤ ይህ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ዘንጉን ከመሥመሩ የሚያወጣ ሥራ ስለ ሆነ አልቀበለውም። ቅኑ ሥራ ጉድጓዱን በቶርኖ አስፍቶ፥ የብረት ቀለበት በጥብቅ አስገብቶ፥ በትክክለኛው ልክ መልሶ መፈልፈል ነው፤ ጥሩ ባለ ቶርኖ ሲያገኝ ቅርፊቱ ከአዲስ አያንስም። መርፌ ኩሽኔታ የሚሄድበትን ዘንግ በብየዳ ሞልቶ መጥረብ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚያ ዘንግ ፊት በእሳትና በካርቦን የጠነከረ፥ ውስጡ ግን ለስላሳ ብረት ነው፤ የብየዳው ትኩሳት ጥንካሬውን ያሟሟዋል፤ መርፌዎቹም ለስላሳውን ብረት ሲያገኙ ፈጥነው ያርሱታል። ለእንዲህ ያለው ቁራጭ ከሌላ ትራንስፈር የወጣ፥ ፊቱ ያልተበላ አሮጌ ዘንግ፥ በቶርኖ ከተሠራው አዲስ ይሻላል።

ይህም ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይወስደናል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሙሉ ትራንስፈር መግዛት፥ ሁለትና ሦስት የውስጥ ብልት አብሮ ሲያልቅ፥ ከማደስ የሚረክስበት ጊዜ አለ። ሲገዙ ግን ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በዚህ የሃይሉክስ ዓይነት የመግቢያው ስፕላይን 21 ጥርስ የሆነም 23 ጥርስ የሆነም ስላለ፥ የራስን ሳይቆጥሩ መሄድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው። የፊተኛው ዘንግ የሚወጣበት ወገንና የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚገባበት ቦታ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ከዚያም የዘይት መፍሰሻውን ብሎን አስፈትቶ በጫፉ ላይ የተጣበቀውን መመልከት ነው፤ እንደ ጥላሸት የለሰለሰ ጥቁር ብናኝ የዕድሜ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ስንጣሪ ከታየ ግን ሌላ ፍለጋ መሄድ ነው። መውጫውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ሊታወቅ የሚገባው እንቅስቃሴ እጅግ ጥቂት ነው። ብልህ ገዢ ደግሞ «ገጥሜ ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል በምስክር ፊት አስሮ ይሄዳል። የተገዛውም አሮጌ ከመገጠሙ በፊት ፓራኦሊዮዎቹ ይለወጡ፤ መሬት ላይ ሳለ የሩብ ሰዓት ሥራ ናቸውና።

ከማደስም ከመግዛትም ሸሽቶ ጩኸቱን ብቻ ማፈን የሚሻም አለ። ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልስ አንድ ወጣት አንድ ክረምት መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ወፍራም ዘይት ጨምርልኝና ይህን ክረምት ልሥራበት፤ ለመስቀል አወርደዋለሁ» አለኝ። «ልጄ፥ ድምፁን ታፍነዋለህ እንጂ ኩሽኔታውን አታድነውም» አልኩት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። ለዚህ ለሃይሉክስ ትራንስፈር የታዘዘው 75ደብልዩ-90 ሲሆን፥ በቦታው 140 ቢገባ ጩኸቱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በብርድ ማለዳ ያ ወፍራም ዘይት በመርፌዎቹ መካከል ቶሎ ሰርጎ አይገባም፤ ስለዚህ እጅግ የሚያስፈልጋቸው የመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች በደረቅ ያልፋሉ። አስተዋይ ልጅ ነበርና የአንድ ሳምንት ጭነት ትቶ አስፈታው፤ የመግቢያው ኩሽኔታ ብቻ ነበር የሞተው፤ ማርሾቹ ገና ደህና ነበሩ። ሰጋቱራ በዘይቱ ውስጥ ደባልቀው መኪና የሚሸጡ ሰዎችም አሉ፤ የዚህ ሥራ ግፍ መኪናው ተሰብሮበት ባዶ መንገድ ላይ፥ ሌሊት፥ ከነጭነቱ በሚቀረው ገዢ ላይ መውደቁ ነው።

አዲስም አሮጌም ቢገጠም፥ የቀድሞውን ያጠፋው ምክንያት ካልተነሣ ገንዘቡ ከንቱ ነው። ይህ የሃይሉክስ ዓይነት በፊተኛውና በኋለኛው ዲፈረንሻል መካከል ልዩነትን የሚያቻችል ሦስተኛ ዲፈረንሻል የለውም፤ ፎር ባይ ፎር ገብቶ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፥ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ስለሚለያይ ትግሉ ሁሉ በትራንስፈሩ ማርሾች ላይ ይወድቃል። ከዚህ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው፤ የኋላው ዲፈረንሻል ተሰብሮ ከአሮጌ ገበያ ሲተካ፥ የፊቱ 4.1 ሆኖ የኋላው 4.3 ቢገባ፥ አምስት በመቶ የሚሆነው ልዩነት፥ ፎር ባይ ፎር በገባ ጊዜ፥ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንኳ አያርፍም። ከፊት አዲስ፥ ከኋላ የተበላ ጎማ ማድረግም በትንሹ ያው ነው። ስለዚህ ትራንስፈሩ ጥርሱ ተሰብሮ የመጣ መኪና ሁሉ፥ እኔ ዘንድ፥ አስቀድሞ የሁለቱ ዲፈረንሻሎች ቁጥር ሳይረጋገጥ አይሠራም።

ገንዘቡ ፈጽሞ ላልደረሰ ሰው አንድ የማያሳፍር መንገድ አለ። ሥራው በአስፋልትና በደህና ጠጠር መንገድ ላይ ከሆነ፥ የጠፋውም የፊተኛው መውጫ ወይም ሎው ብቻ ከሆነ፥ የፊቱን ዘንግ ፈትቶ በንጽሕና ማስቀመጥ፥ ሐቦቹን መክፈት፥ ትራንስፈሩንም በተራው ማርሽ ላይ ተክሎ በኋላ ጎማ ብቻ መሥራት ይቻላል። ኃይሉ በላይኛው ዘንግ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ መኪናው በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ዘይቱ ግን እንደ ወትሮው ይጠበቅ፤ መርፌ ኩሽኔታው አሁንም ይዞራልና። ክረምት ገብቶ ጥቁር አፈር ላይ እህል ለሚጭን ሰው ይህን አልመክርም፤ ሎው የሌለው ሹፌር ፍሪሲዮኑን ያቃጥላልና።

በሰንሰለት የሚሠሩት ትራንስፈሮች ሥርዓታቸው ሌላ ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም በጭነት ጊዜ ጥርስ እየዘለለ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ከዚያም የቅርፊቱን ውስጥ ይፍቃል፤ ለዚህ ሰንሰለቱን፥ ተበልተው ከሆነም የሚይዙትን ሁለቱን ማርሾች መለወጥ እንጂ ሌላ መላ የለም።

ትራንስፈሩ ታድሶ ከተገጠመ በኋላ በመፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት ከሌለ ትንሽ ማግኔት ይጣበቅ፤ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ አፍ ልክ እስኪቆም ይሞላ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ጭነት አይጫን። አንድ ሺህ ኪሎሜትር ያህል ሲሄድ ዘይቱ ገና ትኩስ ሳለ በነጭ ጨርቅ ላይ ይፍሰስ፤ አዲስ ነገር እርስ በርሱ ሲላመድ የሚያወጣው ብናኝ በዚህ ዘይት ውስጥ ስላለ ዘይቱ አይመለስም። በዚያው ቀን የካምቢዮውም ዘይት ልኩ ይታይ፤ ካምቢዮው ጎድሎ ትራንስፈሩ ከልኩ በላይ ሞልቶ ከተገኘ በሁለቱ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ አሳልፏል ማለት ነውና፥ የጋራዡ ዋስትና ሳያልፍ ባለ መኪናው ተመልሶ ይምጣ።